በቀለም የሸፈንኳት ስንጥቅ

ስለዚያ ቀን የሚያወራ ሰው ሁሉ «አደጋ ነው» ይላል። እኔም አሥራ ሰባት ቀን ሙሉ አብሬ «አደጋ ነው» ስል ነበር። አደጋ አልነበረም። እንዴት እንዳልነበረ ልንገራችሁ። ስነግራችሁ ድምፄ የቀዘቀዘ ቢመስላችሁ አትፍረዱብኝ፤ ያን ቀን የጀመረኝ መደንዘዝ እስካሁን ጨርሶ አልለቀቀኝም።

ያኔ ሃያ ስምንት ዓመቴ ነው። ስሜ ይበልጣል ይባላል። ተወልጄ ያደግሁት አማኑኤል ከተማ ሲሆን ቢቸና የስፖርት መምህር ሆኜ ተመድቤ ሦስተኛ ዓመቴን ይዣለሁ። ሚስት የለኝም፣ ልጅ የለኝም። ጎበዝ ነኝ የምልበት አንድ ነገር ቢኖር ማደራጀት ነበር። ውድድር ሲዘጋጅ፣ ሰው ሲሰበሰብ፣ ደብዳቤ ሲጻፍ «ይበልጣል አለ አይደል?» ይባላል። እውነቱን ልናገርና፣ ከጨዋታው ይልቅ ጨዋታው ካለቀ በኋላ ትከሻዬን መታ መታ እያደረጉ «አንተ ባትኖር!» ሲሉኝ ነበር ደስ የሚለኝ።

በዚያ ዓመት የቢቸና ወጣቶች ከሞጣ ወጣቶች ጋር የገና ጨዋታ ሊገጥሙ ተነጋገሩ። ገና ድሮም በየሰፈሩ ይመታል፤ እኛ ግን ከተማ ለከተማ፣ በቡድን፣ በዳኛ እንዲሆን ፈለግን። ከየወገኑ አሥራ ሁለት ተጫዋች ይሰለፋል። አስተባባሪውም ዳኛውም እኔ ነኝ። በሞጣ በኩል ነገሩን የያዘው ደሳለኝ የሚባል የሚኒባስ ሹፌር ነበር። ራሱም ይጫወታል፣ ቡድኑንም በመኪናው ጭኖ የሚያመጣው እሱ ነው።

«ሁላችንም በአንድ እጅ የተሠራ አዲስ ዱላ ብንይዝ ያምራል» አልኩት በስልክ። «የእኛን ሰማያዊ፣ የእናንተን ቀይ እቀባዋለሁ።»

«ቲቸር፣ አንተ ካልክ አለቀ» አለኝ እየሳቀ።

ጨዋታውን ለማታውቁ፣ የገና ዱላ ጫፏ የተቆለመመ ነው፤ ሩር የምትባለውን ድቡልቡል የእንጨት ኳስ በዚያ ቆልማማ ጫፍ እየመታችሁ ወደ ተቃራኒ ወገን ትሰዳላችሁ። ቢቸና ውስጥ ይህን ዱላ እንደ አያ ታከለ የሚሠራ አልነበረም። ሞፈርና ቀንበር ሲጠርቡ የኖሩ፣ ንግግራቸው አጭር የሆነ ሽማግሌ ናቸው። ሃያ አራት ዱላ ይሥሩልኝ ብዬ ስሄድ ገና ሊደርስ ሦስት ሳምንት ቀርቶታል።

«ሦስት ሳምንት?» አሉኝ መጥረቢያቸውን አስቀምጠው። «ልጄ፣ ዱላ እንደ ዳቦ አይጋገርም። ዛሬ የተቆረጠ እንጨት ሦስት ሳምንት ሙሉ ውሃ እያወጣ ነው። ፀሐይ ላይ ብታሰጣው ይሰነጠቃል፤ እሳት ዳር ብታደርገው ውጪው ደርቆ ውስጡ ርጥብ ይቀራል። ጥላ ውስጥ፣ በዝግታ፣ ወራት ይፈልጋል።»

«ምን ይሻለናል አያ?»

«ከዓምና ያደረቅኩት አለ። ስንት እንደሚወጣው እናያለን።»

በቀጠሮው ስመለስ ሃያ ሦስት ዱላ ደርድረው ጠበቁኝ። ሁሉም ወይራ፣ ሁሉም ለስላሳ፣ ሁሉም ጮማ ተቀብቶ የሚያብረቀርቅ ነበር። ሃያ አራተኛዋ ለብቻዋ ግድግዳ ተደግፋ ቆማለች። እሷን ላነሳ ስል «ተዋት» አሉ።

«ምን ሆነች?»

አነሷትና አንገቷ ላይ፣ እንጨቱ መቆልመም የሚጀምርበት ቦታ ላይ፣ በአውራ ጣታቸው ጥፍር አሳዩኝ። የፀጉር ያህል የቀጠነች መስመር ነበረች። ካልነገሩኝ አላያትም።

«እነዚህ ሃያ ሦስቱ ሲበቅሉ ነው የጎበጡት» አሉኝ። «ቅርንጫፉ ራሱ ጎብጦ ስላደገ ጅማቱ ከጉብጠቱ ጋር አብሮ ይዞራል። ስትመታበት ጉልበቱ ከጫፍ እስከ እጅህ ድረስ ይሄዳል። ይቺን ግን ሰው ቸኩሎብኝ ከቀጥ ያለ ግንድ ነው ጠርቤ ያጎበጥኳት። ጅማቷ አንገቷ ላይ ተቆርጧል። ስትደርቅ ተሰነጠቀች። ለማገዶ ነው።»

ከዚያ አንዷን ደህና ዱላ በቢላ ጀርባ መታ አደረጓት፤ ጥርት ያለ ድምፅ ሰጠች። ያቺን መታ ሲያደርጉ ድምፁ ታፈነ። «ሰማህ?» አሉኝ። ሰምቻለሁ።

ግን በጭንቅላቴ ውስጥ የነበረው ሃያ አራት የሚለው ቁጥር ብቻ ነው። ለሁለቱም ወገን እኩል፣ አሥራ ሁለት ሰማያዊ፣ አሥራ ሁለት ቀይ። ሞጣዎች መጥተው ከእኛ አንዱ አሮጌ ዱላ ይዞ ሲያዩት ታየኝና አፈርኩ። እዩት፣ ያሳፈረኝ ነገር ይሄ ነው።

«አያ፣ አንጫወትባትም። ለማሳያ ትሁን። ከሌሎቹ ጋር ተደርድራ እንድትታይ ነው።»

ትኩር ብለው አዩኝ። «ለማሳያ ብቻ?»

«ለማሳያ ብቻ።»

ሰጡኝ።

ቤቴ ወስጄ ሰጋቱራ በኮላ ለውሼ ስንጥቋ ውስጥ አስገባሁ። ሲደርቅ በብርጭቆ ወረቀት አሸሁት። ሰማያዊ ቀለም ሁለት እጅ ቀባኋት። ከሌሎቹ ጋር ስደባልቃት እኔ ራሴ መለየት አቃተኝ፤ በሥራዬ ኮራሁ። ምናልባት አትሰበር ይሆናል አልኩ። ምናልባትም ለደካማ ተጫዋች ትደርሰው ይሆናል አልኩ። ከዚያ በላይ አላሰብኩም።

የገና ዕለት ከእኩለ ቀን በኋላ ከከተማው ወጣ ብሎ ያለው የግጦሽ መስክ በሰው ተሞላ። የሞጣው ሚኒባስ ክላክሱን እያሰማ መጣ። ደሳለኝን በአካል ያየሁት ያን ጊዜ ነው። ሠላሳዎቹን ያጋመሰ፣ ረጅም፣ ፊቱ ሁሌ ሊስቅ የተዘጋጀ ሰው ነበር። አቅፎ ሳመኝ። ዱላዎቹን አደልኩ። እያደልኩ ማንን ምን እንደሰጠሁ አላየሁም። ሆን ብዬ ነው ያላየሁት።

ያቺ ዱላ የደረሰችው ጌታነህ ለሚባል ግንበኛ ነበር። ከቢቸና ተጫዋቾች ሁሉ ጉልበታሙ እሱ ነው።

ጨዋታው ደስ የሚል ነበር። ሰዉ ይዘፍናል፣ ይሳደባል፣ ይስቃል። እኔ ፊሽካ ይዤ መሀል እሮጣለሁ። ግማሽ ሰዓት ያህል እንደሄድን ጌታነህ ሩሯን ስቶ መሬቱን በኃይል መታው። ደረቅ መሬት ነው፣ ከሥሩ ድንጋይ አለ። ዱላዋ የታፈነ ድምፅ አወጣች። ያን ድምፅ አውቀዋለሁ። ሜዳው ሁሉ እየጮኸ እኔ እሱን ብቻ ሰማሁ።

ጌታነህ ዱላዋን ከፍ አድርጎ አየት አደረጋትና ወደ እኔ መጣ። «ቲቸር፣ ይቺ ነገር እጄን ነዘረችኝ።»

«ምን ሆነች?»

«እንጃ። ስመታ ክንዴ ድረስ ይነዝረኛል። ልክ አይደለችም መሰለኝ።»

ሰው እያየን ነው። ጨዋታው ቆሟል። መቀየሪያ ዱላ አልነበረኝም። ቢኖረኝም ለምን እንደምቀይር ማስረዳት ነበረብኝ።

«መሬት ስለመታህ ነው። ተጫወት፣ ተጫወት» አልኩትና ፊሽካዬን ነፋሁ።

ከዚያ በኋላ የሆነው ሁለት ወይም ሦስት ደቂቃ ቢፈጅ ነው። ሩሯ ለጌታነህ ተመቻችታ መጣችለት። ደሳለኝ ሊያስጥለው ከፊት ለፊቱ እየሮጠ ነበር። ጌታነህ ሙሉ ጉልበቱን ሰብስቦ መታ። «ቋ» የሚል ድምፅ ስጠብቅ «ጧ» የሚል ሰማሁ። ጌታነህ እጁ ላይ ቀጥ ያለ እንጨት ብቻ ቀረ። ሰማያዊው ቆልማማ ጫፍ ሲበር አላየሁትም። ያየሁት ደሳለኝ ሁለት እጁን ፊቱ ላይ አድርጎ ቀስ ብሎ ሲንበረከክ ነው። አልጮኸም። በጣቶቹ መሀል ደም ሲወርድ አየሁ፤ የተሰማኝ ነገር አልነበረም። «ሰዓቱን መመዝገብ አለብኝ» ብዬ አሰብኩ። እንዲህ ያለ ነገር ማሰቤ እስከ ዛሬ ይገርመኛል።

ተሸክመነው ወደ ጤና ጣቢያ ሄድን። ተረኛዋ ነርስ ረጋ ያለች ሴት ነበረች። እጁን ከፊቱ ላይ አንስታ አየች፤ ከዚያ እኛን አየች። የወረቀት ኩባያ ወስዳ የግራ ዓይኑ ላይ ደፍታ በፕላስተር ዙሪያውን አሰረችው።

«ማንም እንዳይጫነው» አለች። «እዚህ ለዚህ የሚሆን ሐኪም የለም። ሞጣ የዓይን ባለሙያ አለ፤ ደውዬለታለሁ፣ ይጠብቃችኋል። ሳይመሽ ድረሱ።»

«አምቡላንስስ?» አልኩ።

«ወላድ ሊያመጣ ገጠር ወጥቷል። መኪና የላችሁም?»

መኪናስ አለ፤ ሹፌሩ ነው አልጋው ላይ የተጋደመው። በዓል ነው፤ መንገዱ ላይ የሚንቀሳቀስ የለም፤ ከተጫዋቾቹ ገሚሱ ጠላ ቀምሷል። ነርሷ «መንጃ ፈቃድ ያለው የለም?» ስትል ሁሉም ተያየ። እኔ ነበረኝ። ከሁለት ዓመት በፊት ደብረ ማርቆስ ተምሬ አውጥቼው ነበር፤ ከፈተናው ቀን ወዲህ ግን መሪ ነክቼ አላውቅም።

ይህንኑ ተናገርኩ።

ደሳለኝ ከአልጋው ላይ «ቁልፉን ስጡት» አለ። «እኔ አጠገቡ እቀመጣለሁ።»

ልንነሳ ስንል ጌታነህን አየሁት። ጤና ጣቢያው በር ላይ ጉልበቱን አቅፎ መሬት ላይ ተቀምጧል። ደሳለኝ ሲያልፍ ቀና ብሎ «ይቅር በለኝ ወንድሜ» አለው። ደሳለኝ የሰማው አልመሰለኝም። እኔ ሰምቻለሁ። ማለት የነበረብኝን ነገር አውቀዋለሁ። መኪናው ውስጥ ገባሁ።

የሞጣ ልጆች ከኋላ ተጨናንቀው ተቀመጡ። ደሳለኝ በስተቀኜ ጭንቅላቱን መደገፊያው ላይ አስደግፎ ተቀመጠ። ደህነኛው ዓይኑም አብጦ በስሱ ነው የተከፈተው።

«ፍሪሲዮኑን እስከ ታች ርገጠው። አንደኛ አስገባ። አሁን ቀስ ብለህ ልቀቅ።»

መኪናው ዘለለና ቆመ። አንዱ ከኋላ ተማረረ። «ዝም በሉ» አላቸው ደሳለኝ። «እንደገና። ሰዓት አለን፣ አትቸኩል።»

በሦስተኛው ተንቀሳቀስን። ከቢቸና ወጥተን ወደ ደብረ ወርቅ ስናመራ እጄ መሪው ላይ እንደ እንጨት ደርቆ ነበር።

«ትከሻህን ልቀቀው ቲቸር» አለኝ። ባያየኝም ያውቃል። «ምን አለ ከፊት?»

«ጋሪ።»

«ምን ያህል ይርቃል?»

«አንድ መቶ ሜትር።»

«ነዳጁን ተው። ሁለተኛ አድርግ። ክላክስ አድርግለትና በግራ እለፍ። ከወዲያ የሚመጣ አለ?»

«የለም።»

«እለፍ።»

አለፍኩ። እንዲህ እያለ ነው የወሰደኝ። ጉድጓድ ሲመጣ ፍሬን እንዳልደነግጥበት፣ ቁልቁለት ላይ ማርሽ እንድቀንስ፣ ከብት ሲያቋርጥ እንድቆም እሱ ይነግረኛል፤ መኪናው በነጠረ ቁጥር ግን ጥርሱን ሲነክስ ይሰማኛል። አንድ ጊዜ ብቻ «ወይኔ እናቴ» አለ፣ በጣም ቀስ ብሎ።

ደብረ ወርቅን እንዳለፍን «የመታኝን ነገር ይዛችሁታል?» ብሎ ጠየቀ። ከኋላ አንዱ ልጅ ሰማያዊውን የዱላ ጫፍ አቀበለው። ጭኑ ላይ አስቀምጦ አገላበጠው። ወደ ዓይኑ አስጠግቶ አየው፤ ከዚያ የተሰበረበትን ቦታ በአውራ ጣቱ ደጋግሞ ዳሰሰው። እኔ መንገዱን አያለሁ።

«ቲቸር።»

«አቤት።»

«ይሄን ማን ነው የሠራው?»

«አያ ታከለ የሚባሉ ሽማግሌ ናቸው።»

«ጥሩ ሠሪ ናቸው ይባላል።»

«ናቸው።»

ጫፉን መልሶ ጭኑ ላይ አስቀመጠው። መናገር የምችልበት ጊዜ ያ ነበር። ከኋላ ያሉት እንኳ በሞተሩ ጩኸት አይሰሙንም ነበር። አፌን ከፍቼ «ከፊት ሰው አለ» አልኩ።

«ምን ያህል ይርቃል?» አለኝ።

ፀሐይ ልትገባ ስትል ሞጣ ደረስን። ባለሙያው እንደተባለው እየጠበቀ ነበር። ደሳለኝን ወደ ውስጥ አስገቡት። የደሳለኝ ሚስት ወርቅነሽ ነጠላዋን እንደነገሩ ጣል አድርጋ ሆስፒታሉ በር ላይ ቆማለች። ልጆቹ «መኪናውን እስከዚህ የነዳው እሱ ነው» ብለው ሲያሳዩዋት መጣችና እጄን በሁለት እጇ ያዘች።

«እግዚአብሔር ይስጥህ» አለችኝ። «አንተ ባትኖር ምን ይውጠው ነበር?»

ለዓመታት ልሰማው የምወደው ቃል ነበር። እጄን እስክትለቀኝ ጠበቅኩ።

ያን ምሽት ዘመዶቿ ቤታቸው ወስደው አበሉኝ። የበዓል ዶሮ ነው። እንቁላሉን ለእኔ አወጡልኝ። ጎረስኩ፣ ዋጥኩ፣ ጨውም በርበሬም አልቀመስኩም። ጨመሩልኝ፤ የጨመሩልኝንም በላሁ። በማግስቱ ደሳለኝ ወደ ባሕር ዳር ሪፈር ተጻፈለት። እኔ ወደ ቢቸና ተመለስኩ። በአምስተኛው ቀን ዓይኑን እንዳወጡት በስልክ ነገሩኝ። አንዲት ዓይን ያለው ሰው ደግሞ የሕዝብ ማመላለሻ አይነዳም። ስልኩን ዘግቼ ክፍል ገባሁና ስለ ቅርጫት ኳስ አስተማርኩ።

ቢቸና ውስጥ ጥፋተኛ ተገኝቶ ነበር። «ጌታነህ ጠጥቶ ነበር»፣ «ጌታነህ በቅናት ነው የመታው» ይባላል። ጌታነህ ጠላ በአፉ አልዞረም፤ እኔ አውቃለሁ። ሥራ የሚሰጡት ሰዎች ፊት ነሱት። ጥምቀት ዕለት ታቦት ሲሸኝ ከሰው ራቅ ብሎ ብቻውን ሲሄድ አየሁትና መንገድ ቀየርኩ።

ከጥምቀት በኋላ አንድ ከሰዓት አያ ታከለ ትምህርት ቤት ድረስ መጡ። ጥበቃው ጠርቶኝ ወጣሁ። ነጠላቸውን አጣፍተው፣ ጌታነህ እጁ ላይ የቀረውን የዱላውን ዘንግ ይዘው ቆመዋል።

«ደህና ዋሉ አያ።»

«ደህና ዋል ልጄ።» ዘንጉን አሳዩኝ። «ይቺ የእኔ ናት?»

«አዎ።»

«ለማሳያ ብቻ ብለኸኝ ነበር።»

ዘንጉን ብቻ አየሁ። ተቆጥተው ቢሆን ይሻለኝ ነበር። ግን አልተቆጡም።

«እኔም ጥፋት አለብኝ» አሉ። «ያን ቀን መፍለጥ ነበረብኝ፤ ለሰው እጅ አሳልፌ መስጠት አልነበረብኝም። ለማንም አልተናገርኩም። የመናገሩ ነገር የአንተ ነው።» ዘንጉን አስረክበውኝ ሄዱ።

በማግስቱ ቅዳሜ ወደ ሞጣ ተሳፈርኩ። ጨዋታው ከተካሄደ አሥራ ሰባተኛው ቀን ነው። ደሳለኝ ከባሕር ዳር ተመልሶ ቤቱ ደጃፍ ላይ ጥላ ሥር ተቀምጧል። ግራ ዓይኑ በነጭ ጨርቅ ተሸፍኗል። ወርቅነሽ ወንበር አወጣችልኝ፤ እሷም ቆመች። አልተቀመጥኩም።

«ዱላዋ ስንጥቅ ነበረባት» አልኩ። «ሽማግሌው ለማገዶ ናት ብለውኝ ነበር። እኔ ነኝ በኮላ ደፍኜ ቀለም የቀባኋት። ጌታነህም እጄን ነዘረኝ ብሎኝ ነበር፤ ተጫወት አልኩት።»

ይህን ለመናገር አንድ ደቂቃ አልፈጀብኝም። ወርቅነሽ እጇን አፏ ላይ አደረገች፤ ከዚያ ጀርባዋን ሰጥታን ወደ ቤት ገባች።

ደሳለኝ ግን አልደነገጠም። «አውቃለሁ» አለ።

«ማን ነገረህ?»

«ማንም። መኪና ውስጥ ሳለን ነው ያየሁት። አዲስ የተሰበረ እንጨት ውስጡ ነጭ ይሆናል። ያ ግን ቀለሙ በስንጥቁ ሰርጎ ግማሹ ስብራት ውስጥ ድረስ ሰማያዊ ነበር። ኮላውም በጣቴ ይዳሰስ ነበር። ቀለም ከመቀባቱ በፊት ነው የተሰነጠቀው። የቀባኸው ደግሞ አንተ እንደሆንክ በስልክ ነግረኸኛል።»

ወንበሩ ላይ ተቀመጥኩ። «ታዲያ ያኔ ለምን ዝም አልክ?»

«መሪውን ይዘህ ነበራ» አለኝ። «ብናገርህ ኖሮ ሁላችንንም ይዘኸን ገደል ትገባ ነበር።»

ነጭ ጨርቁን በጣቱ አስተካከለ። ከዚያ «ጌታነህስ ያውቃል?» አለኝ።

«አያውቅም።»

«ሁለት ጊዜ ደውሎልኝ ነበር። ያለቅሳል። እኔ ደግሞ አንተ ራስህ ትነግረዋለህ ብዬ ጠበቅኩ።» ፊቱን ወደ እኔ አዞረ፤ ሙሉ በሙሉ ለማየት ከበፊቱ ይልቅ አንገቱን ማዞር ነበረበት። «እኔ ጋ ከመምጣትህ በፊት እሱ ጋ ነበር መሄድ የነበረብህ። አሁን ሂድ። ለብቻውም አትንገረው፤ ሲያሙት የነበሩት ባሉበት ንገረው።»

በሳምንቱ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ተጫዋቾቹን በሙሉ እዚያው መስክ ላይ ሰበሰብኳቸው። ሌላም ሰው መጣ። አያ ታከለም መጥተው ከዳር ቆሙ። ለደሳለኝ የነገርኩትን ቃል በቃል ደገምኩት። ነፋስ ነበር፤ አንዳንዱ ስላልሰማ ጎረቤቱን «ምን አለ?» ይላል።

ጌታነህ ፊት ለፊቴ መጥቶ ቆመ። ይመታኛል ብዬ ጠበቅኩ፤ ቢመታኝም ግድ አልነበረኝም።

«እጄን ነዘረኝ ብዬህ ነበር አይደል?»

«ብለኸኝ ነበር።»

«ሰምተኸኛል?»

«ሰምቼሃለሁ።»

ራሱን ነቀነቀ፤ ሌላ ምንም ሳይል መስኩን አቋርጦ ሄደ። ሰዉ መንገድ ለቀቀለት። ከተጫዋቾቹ ሁለቱ ተከትለውት ሮጡ፤ አንዱ ትከሻውን አቀፈው። ለእኔ የቀረበ ሰው አልነበረም። ያን ቀን ብቻዬን ወደ ቤቴ ስሄድ ላለቅስ ሞከርኩ። እንባ አልመጣም።

ይህ ከሆነ አሁን ጥቂት ዓመታት አልፈዋል። ጌታነህ ሥራው ላይ ተመልሷል፤ የገና ጨዋታ ግን ዳግም አይጫወትም። ደሳለኝ ሚኒባሱን ሸጦ መናኸሪያ ውስጥ መኪኖችን ተራ ያስይዛል። እኔ እዚያው ቢቸና አስተምራለሁ። ማስተባበሩን ትቻለሁ፤ በየዓመቱ ገና ሲቃረብ ግን አያ ታከለ ጋ እየሄድኩ እንጨት መለየት ተምሬአለሁ። በጨዋታው ቀንም ማለዳ ተነስቼ፣ የማንም ዱላ ቢሆን እጄ ሳይዳስሰው ሜዳ እንዲገባ አልፈቅድም። የሚቆጡኝ አሉ። «የአባቴ ዱላ ነው፣ ሠላሳ ዓመት ተመቶበታል» ይሉኛል። ሠላሳ ዓመት የተመታበት ዱላ ሠላሳ ዓመት የተጎዳ ዱላ መሆኑን እነግራቸዋለሁ።

እናንተም እንዲህ ዓይነት ነገር በእጃችሁ ካለ፣ የገና ዱላም ይሁን የመጥረቢያ እጀታ፣ ስሙኝ። የሚሰበረው ሁሌም ጉልበት ስለበዛበት አይደለም። ሰው በጉልበት አጎብጦት፣ ቸኩሎ አድርቆት፣ ከድንጋይ ጋር አጋጭቶት፣ ከዚያ ደህና ነው ብሎ ስለመለሰው ነው። ከመምታታችሁ በፊት አንገቱን በጥፍራችሁ ዳስሱት፣ መታ አድርጋችሁ ስሙት። ጠፍር ይጠብቃል ብላችሁ ስንጥቅ ላይ ጠፍር አትጠምጥሙ፤ ስንጥቁን ከዓይን ይሰውረዋል እንጂ አያድነውም። እጃችሁን ከነዘራችሁ አቁሙ። የሚነዝረው ሌላ ሰው ከሆነና ከነገራችሁ ደግሞ፣ ሺህ ሰው እያየ ቢሆንም አቁሙ።

ይህን ሁሉ ያን ቀንም አውቀው ነበር ማለት ይቻላል። ዋናው ነገር ተነግሮኝ ነበር። የጎደለኝ እውቀት አልነበረም፤ ሰው ፊት ጎዶሎ ሆኖ ለመታየት መድፈር ነው ያቃተኝ።

ታሪኬን የሰማ ሰው ሁሉ መጨረሻ ላይ የሚጠይቀኝ አንድ ነው፤ ደሳለኝ ይቅር ብሎሃል ወይ? አላውቅም። ጠይቄው አላውቅም፣ እሱም ብሎኝ አያውቅም። ሞጣ ስሄድ መናኸሪያው ውስጥ በሩቁ እጁን ያነሳልኛል፤ ወርቅነሽ አታነጋግረኝም። አልፎ አልፎ፣ ምክንያት ሳይኖረኝ፣ እደውልለታለሁ። ምን እንደምለው እንኳ ሳላውቅ ነው የምደውለው። ስልኩ ይጠራል፣ ይጠራል፣ አያነሳም ብዬ ልዘጋ ስል ያነሳል።

«አቤት ቲቸር» ይለኛል።